ለገና የምንለብሰውን ማን ሸመነው?

ባለፈው እሑድ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ጦርነት ስል፣ ውድ አንባቢያን፣ አትደንግጡ፤ የእኛው በዋትስአፕ ነው። ዴንቨር፣ ሲያትልና እዚህ ላስ ቬጋስ ተበትኖ የሚኖረው የባለቤቴ ቤተ ዘመድ ለመጪው ገና እኛ ቤት ሊሰበሰብ ተስማምቷል። አሥራ አራት ነፍስ ነው። ገና ገና ሩቅ ቢሆንም የልብሱ አጀንዳ ከአሁኑ ተከፍቷል። እትዬ የምንላቸው የባለቤቴ ታላቅ እኅት ከዴንቨር አንድ ፎቶግራፍ ላኩ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ጨቅላ፣ ሁሉም አረንጓዴና ወርቅማ ጥበብ ያለው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። ከሥሩ የሻጩ ዋጋ አለ፤ ለአንድ ሰው 45 ዶላር፣ ለቤተሰብ ከተገዛ ደግሞ ቅናሽ። «ዘንድሮ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንለብሳለን፤ የየልጁን ልክ ላኩልኝ» ይላል የእትዬ መልእክት።

ሁሉም እየተከታተለ አውራ ጣቱን ቀሰረ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝና «ጥበቡ የተሸመነ ነው ወይስ የታተመ?» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰዓት ማንም አልመለሰልኝም። ማታ ላይ እትዬ «ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ርዕሰ አንቀጽ ታደርገዋለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ርዕሰ አንቀጽ ይሁና።

ላስ ቬጋስን በፊልም ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የእኛ ሰው እዚህ የሚኖረው ከቁማር ቤቶቹ መብራት ጀርባ ነው። ታክሲ ይነዳል፣ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ የሆቴል አልጋ ያነጥፋል፣ ካርታ ያድላል። ሥራው ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ በዓል አያውቅም። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ሲ.ኢ.ኤስ. የሚባለው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ነው። በየዓመቱ በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ እዚሁ ከተማ ይካሄዳል፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ይጎርፋል። በ2025 የተከፈተው በዕለተ ገና፣ ጃንዋሪ 7 ቀን ነበር። በ2026 ደግሞ በዋዜማው ተከፈተ። ለታክሲ ነጂ ከዓመቱ ሁሉ ገበያው የሚደራበት ሳምንት ይኸው ነውና፣ ፈቃድ መጠየቅ ማለት የቤት ኪራይን እምቢ ማለት ነው።

ስለዚህ የእኛ ሰው ገናን የሚያከብረው መኪና ውስጥ ልብስ እየቀየረ ነው። ይህ ጸሐፊም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የ2017 ዓ.ም. የገና ሌሊት ኩታዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከኋላ አስቀምጬ እስከ እኩለ ሌሊት ደንበኛ ሳመላልስ ቆየሁ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መኪናዬን አቁሜ፣ ጥቁሩን ጃኬት አውልቄ ኩታዬን ተከናነብኩ። ብርዱ የዋዛ አልነበረም፤ በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ፣ የጃንዋሪ ሌሊት እዚህ ያንቀጠቅጣል። ከአጠገቤ የቆመው መኪና ውስጥ ሌላ ሾፌር ተጣጥፎ እጀ ጠባቡን በጭንቅላቱ ለማስገባት ይታገል ነበር። ተያየንና ሳቅን። ያንን ያየ ሰው የበዓል ልብስ ለስደተኛ ቅንጦት ነው ሊለኝ አይችልም። ዓመቱን ሙሉ የቀጣሪ ዩኒፎርም ለብሰን በዓመት ሦስትና አራት ቀን የራሳችንን እንለብሳለን። ታዲያ ያ «የራሳችን» የምንለው የራሳችን ነው ወይ? የእትዬን ፎቶ ሳይ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ወደ ዲካተር መንገድ ወረድኩ። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 አካባቢውን በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎታል። እኔ እዚህ ከተማ ስገባ ደህና የሐበሻ ልብስ የፈለገ ሰው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ድረስ አራት ሰዓት ይነዳ ነበር። አሁን እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ ቀሚሱም በእጃችን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአንዱ ሱቅ ገብቼ የተሰቀሉትን ቀሚሶች አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ጀርባቸውን ማየት ጀመርኩ። ሻጯ ልጅ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ።

«ቋጠሮ» አልኳት።

ሳቀች። ገብቷታል። «በእጅ የተሠራ ከሆነ የሚፈልጉት ከውስጥ አለ፤ ሰው ስለማይጠይቀን ነው ያላወጣነው» ብላ ሁለት ቀሚስ ይዛልኝ መጣች።

ነገሩ ለማይገባችሁ ልንገራችሁ፤ ምንም ምሥጢር የለውም። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ጀርባው አያምርም። ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ከኋላ ይንጠለጠላል፤ የተቋጠረበትና የተቆረጠበት ይታያል። የታተመው ግን ጀርባው ወይ ነጭ ነው፣ ወይ ቀለሙ ደብዝዞ እንደ ታጠበ ጋዜጣ ይሆናል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከነጩ መደብ (ከጥበቡ አይደለም፤ ጥበቡ ላይ አብረቅራቂ ሰው ሠራሽ ክር ሊኖር ይችላል) አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል።

ይህ የታተመ ጨርቅ በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው። የሸማኔው ንድፍ ፎቶ ተነሥቶ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ታትሞ በጥቅል መርካቶ ይገባል፣ ተሰፍቶ «የሐበሻ ባህላዊ ልብስ» የሚል ስም ይወጣለትና ለእኛ ይላካል። ቻይናን አልወቅስም። ነጋዴ ነው፤ የጠየቅነውን ሸጠልን።

ሽሮ ሜዳን የማያውቅ ስደተኛ የለም። ገበያውን ባያውቅ እንኳ በሥሩ አልፏል፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው እዚያው የእንጦጦ መንገድ ላይ ነውና። ቪዛ የተመታለት ሰው ከኤምባሲው ወጥቶ ጥቂት ወደ ላይ ከተራመደ የሸማ ሱቆቹ መካከል ይገባል። ስንቶቻችን ነን ዲቪ ደርሶን በዚያው ደስታ ቀሚስና ጋቢ ገዝተን ሻንጣ ውስጥ የከተትን? ሱቆቹ ከፊት ናቸው። ሸማኔዎቹ ከኋላ፣ ጠባብ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ከንጋት እስከ ምሽት መወርወሪያ ሲያመላልሱ ይውላሉ። በመካከላቸው ልጆች አሉ። «ከተማ ወስጄ አስተምርላችኋለሁ» ተብሎ ከወላጅ እጅ ተወስደው ሸማኔ ቤት የሚቀመጡ ልጆች። ስለዚህ ዝውውር ለዓመታት ሲነገርና ሲጻፍ ኖሯል። እኔ ግን ከተጻፈው በፊት አይቼዋለሁ፤ አይቼም አልጻፍኩትም።

የ1992 ዓ.ም. ገና ዋዜማ ነው። በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ፤ የፊት ገጽን ፎቶግራፍ የምመርጠው እኔ ነኝ። የበዓል ዋዜማ የፊት ገጽ ምን እንደሚመስል በዘመኑ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በግ ሰማይ ቢነካም «የበዓሉ ገበያ በተረጋጋ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» ይላል ርዕሱ። ከጎኑ በነጭ ቀሚስ የደመቀች ሴት ቡና ትቀዳለች። ያን ዕለት ፎቶግራፍ አንሺያችን ከሽሮ ሜዳ ሁለት ፎቶ ይዞ መጣ። በአንደኛው አንዲት ወጣት ቀሚስ እየለካች ትስቃለች። በሁለተኛው በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ከአሥር ዓመት የሚበልጠው አይመስለኝም። እግሩ ከመርገጫው ስለማይደርስ እንጨት ተደርቦለታል። ከፊቱ የተወጠረው ጥበብ ልጅቱ ከምትለካው ቀሚስ ጥበብ ጋር አንድ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ምንም አላለም፤ ሁለቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቆመ።

ማንም አላዘዘኝም። ይህን ከሥሩ አስምሬ ልጻፈው። ከላይ የተደወለ ስልክ አልነበረም። አለቃዬም አላየውም። የምትስቀውን መረጥኩ። «በዓል ነው፣ ሰው ይደሰት» አልኩ ለራሴ። የልጁን ፎቶ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሀገር ለቅቄ ስወጣም እዚያው ቀረ። እኛ ስደተኛ ጋዜጠኞች ስለ ሳንሱር ስናወራ ሳንሱር አድራጊው ምን ጊዜም ሌላ ሰው ነው። እኔም ስለ አለቆቼ በየድረ ገጹ ብዙ ጽፌያለሁ። ስለዚያ መሳቢያ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ እንኳ የሰማችው ባለፈው እሑድ ነው፤ «ታዲያ ለእትዬ ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርካቸውም?» አለችኝ። እትዬ የላኩት ፎቶ ያንን የፊት ገጽ መሰለኝ ማለት በዋትስአፕ የሚጻፍ አይደለም።

ወደ ኋላ ከሄድኩ አይቀር ልጨርሰው። ልጅ ሳለሁ ጉለሌ ነበርን፤ ዘመኑ ደርግ ነው። እናቴ ጥጥ ትገዛና ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን ክረምቱን ሙሉ በእንዝርት ትፈትላለች። ልቃቂቱን ለሰፈራችን ሸማኔ የምትሰጠው መዝና ነው፤ ሸማው ሲመለስም መዝና ነው የምትቀበለው። ሸማኔ ክር ይሰርቃል ይባል ነበር። ስለዚህም እኔ ሄጄ ከደጁ ተቀምጬ እንድጠብቀው እታዘዝ ነበር። የስምንት ዓመት ዘበኛ! ሰውየው ለምን እንደተቀመጥኩ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም፤ ቆሎ ይሰጠኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ዶርዜው» ነበር የሚለው፤ እኔም እንደዚያው። ዓመት ከዓመት የእንቁጣጣሽና የገና ልብሴን የሠራልኝን ሰው ስሙን አላውቀውም። እናቴን ሳልጠይቃት እሷም አለፈች።

ይህን ንቀት ደርግም ኢሕአዴግም አልፈጠሩትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ገበሬውን በሥራው አትስደቡ የሚል ነው። ጠንቋይ እየተባለ የሚሰደበው ጸሐፊም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለበት። እኔና ያ ሰውዬ በአንድ ዐዋጅ የተጠቀስን ሰዎች ነን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው ሌላው ቢቀር ስሙን ከጽሑፉ በላይ ያሰፍራል፤ እኔም ይኸው አስፍሬያለሁ። በሸማኔው ቀሚስ ላይ የሚለጠፈው ግን የሱቁ ስም ነው።

ስለ ስም ካነሣን የእኛን የዲያስፖራውን ክርክር ሳላነሣ አላልፍም። ልብሱ ሳይቀር ክልል ተከልሎለታል። ይኼ የጎንደር ነው፣ ያ የወሎ፣ ያኛው የትግራይ፣ ይኼኛው የኦሮሞ። ጥለቱ ላይ ያለው ባንዲራ ኮከብ አለው የለውም ብሎ ሠርግ ቤት የተኮራረፈ ቤተሰብ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ልጄ ቀሚስ ስትመርጥ «አባዬ፣ የእኛ የትኛው ነው?» አለችኝ። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አለባበስ፣ የራሱም ሸማኔ እንዳለው አልክድም፤ ደግሞም ያኮራል። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው የሸማ ልብስ ብዙው፣ የማንም ስም ይለጠፍበት፣ የወጣው ከጋሞዎቹ ጉድጓድ ነው። እኛ የምንጣላበትን ጥለት የሠራው ሰው ጠቡ ውስጥ የለበትም።

የለበትም ስል፣ አንድ ጊዜ ግን ጠቡ እቤቱ ድረስ መጥቶበታል። መስከረም 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት አልሞላም። በቡራዩና በአካባቢው የደረሰው ጥቃት ክንዱ የበረታው በጋሞና በዶርዜ ሰዎች ላይ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ሸማኔዎች ነበሩባቸው። ሕዝቡ ለአዲስ ዓመት የለበሰውን የሠሩ ሰዎች ልብሱ ሳይታጠብ ተገደሉ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኑት፤ ልመናቸውንም ሰምቶ ተመለሰ። የአባቶቹን ፎቶግራፍ ያላጋራ የእኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አጋርቻለሁ፤ ከሥሩም ረዘም ያለ ነገር ጽፌያለሁ። በዚያው ዓመት ገና ለልጆቼ የገዛሁት ግን የታተመ ነበር። ሳላውቅ ነው ብል ውሸት ነው። ርካሽ ስለነበር ነው።

እና «ውድ ነው» የሚለውን መልስ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ውድ የሆነው ለማን ጥቅም ነው የሚለው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ብር በጁላይ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ተመነዘረ። የእኛ ዶላር ሽሮ ሜዳ ላይ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። እዚህ ላስ ቬጋስ ግን የቀሚስ ዋጋ በዶላር ሲወርድ እኔ አላየሁም። ሸማኔው ዘንድም ክሩና የቤት ኪራዩ ነው የተወደደበት። ልዩነቱን የበላው በመካከል ያለው ኪስ ነው። የኑሮ ውድነትን አንሥተን ሰልፍ የምንወጣ ሰዎች ይህቺን ሒሳብ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ብንሠራት መልካም ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ልብስ ሰፊዎች መካከል ዝቅተኛው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት የፈረንጁ ሸሚዝ ሐዋሳ ሲሰፋ የሐበሻው ቀሚስ ቻይና ይታተም ነበር። ሁለቱንም የገዛነው እኛ ነን።)

«ሀገር እየደማ ስለ በዓል ልብስ ታወራለህ?» የሚለኝም ይኖራል። ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ ስንቱ ቤት ፈረሰ! ልብስ ቃል መሆኑንም አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ጥሪ ሲያደርግ እዚህም ጥቁር ለብሰን ሄደናል። ሀገር ቤት ጥቁር በመልበሳቸው ከመሥሪያ ቤት በር የተመለሱ ሰዎች እንዳሉ በጊዜው ተዘግቧል። ከዚያም በፊት እናቶቻችን ነጠላ አዘቅዝቀው ሐዘናቸውን ሲናገሩ አይተን ያደግን ነን። አንዳንድ ወዳጆቼ ከጦርነቱ ወዲህ በዓል አያከብሩም፤ አልፈርድባቸውም። ግን ሸማኔው የዓመት ጉርሱን የሚያገኘው በበዓል ሰሞን ነው። ያዘነም ነጠላውን ያዘቅዝቀው፤ የተሸመነ ነጠላ ግን ይሁን።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችኝ ባለቤቴ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ሻጯ ልጅ ከውስጥ ካወጣችልኝ ቀሚሶች ረከስ ያለው 220 ዶላር ነው። ለአሥራ አራት ሰው ከሦስት ሺህ ዶላር ያልፋል። የታክሲ ነጂ ቤት ይህን አይችልም። ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋሉ፤ የዛሬ ዓመት ቀሚሱ ጉልበታቸው ላይ ነው። እዚህ ላይ እትዬ ትክክል ናቸው፣ ረተውኛል።

በኋላ ግን ባለቤቴ ራሷ አንድ ነገር አነሣች። «እኛ ልጅ ሳለን ሙሉ የጥበብ ልብስ ማን ነበረው?» አለች። እውነቷን ነው። ያለችው ነጭ ሸሚዝ ትታጠባለች፣ ከላይ ነጠላ ይጣላል፣ አለቀ። ቤተሰብ ከራስ እስከ እግሩ እንደ ማርሽ ባንድ አንድ ዓይነት የሚለብሰው ፎቶ የሚለጠፍበት ዘመን ከመጣ ወዲህ ነው። ነጠላ ደግሞ ልክ አይጠየቅም። የስምንት ዓመቱ ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላውም ይለብሰዋል፤ ሾፌሩም መኪና ውስጥ ሳይታገል ከጃኬቱ በላይ ጣል ያደርገዋል። ጥለቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ እትዬ የፈለጉት ፎቶም አልቀረባቸውም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላለው የእኅቴ ልጅ ጻፍኩለት። ሱቅ ገብቶ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ነገርኩት፤ ማን ሸመነው፣ በአንድ ነጠላ ስንት ይከፈለዋል፣ ቤቱ ውስጥ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ ወይ? የመጀመሪያው ባለሱቅ «ከገቢዎች ነህ እንዴ?» ብሎ አባረረው። ሁለተኛው «ሸማኔ ምን ያደርግልሃል፣ ዕቃውን እየው» አለው። ልጁ ብልህ ነው፤ ከሱቆቹ ኋላ ዞሮ ራሱ ሸምኖ ራሱ የሚሸጥ ሰው አገኘ። ቤቱ ገብቶ አየ፤ ሰውየው ከወንድሙ ጋር ነው የሚሠራው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። አሥራ አራት ነጠላ ለመጨረስ ስድስት ሳምንት እፈልጋለሁ፣ ግማሹን ቀብድ እፈልጋለሁ ብሏል። የጠየቀው ዋጋ እዚህ ከምንከፍለው ሲሶውን አይሞላም። በፖስታ እንዳናስመጣው አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነጻ መብት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ አንሥታለች፤ እንግዲህ እንደ ልማዳችን የመንገደኛ ሻንጣ እንለምናለን።

ስሙንም ጠይቆ ላከልኝ። ፈቃዱን ስላልጠየቅሁ እዚህ አላወጣውም። የቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ ግን ከነአባቱ ስም ለጠፍኩት።

እትዬ ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው «ቀብዱን እኔ እልካለሁ፤ ጥለቱ ግን አረንጓዴ ይሁን» የሚል መጣ። የሲያትሎቹ አምስቱ የታተመውን ቀድመው አዝዘው ከፍለውበታል፤ መመለስ አይቻልም ተባሉ። አሥራ አራቱ ነጠላ ወደ ዘጠኝ ወርዷል፤ ለሸማኔው ደውሎ የሚነግረው የእኅቴ ልጅ ነው።